የአብራክ ናት የእንጀራ?

ሰፈሩ ሁሉ “ኦሪጅናሌ” ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው፤ ማንም አልበደለውም። ምላጭ ሲገዛ “ኦሪጅናል ነው?” ይላል። የእጅ ባትሪ ሲገዛ “ኦሪጅናል ነው?” ይላል። አንድ ጊዜ ፋርማሲ ገብቶ የራስ ምታት ክኒን ገልብጦ ገልብጦ ካየ በኋላ ባለመድኃኒቷን “እውነት ይሄ ኦሪጅናል ነው?” ቢላት፣ “ራስ ምታትዎ ኦሪጅናል ከሆነ ይሠራል” ብላ መለሰችለት ይባላል። እሱ ይህን እንደ ቀልድ አልቆጠረውም። ክኒኑን ገዝቶ ዋጠው፤ ተሻለውም፤ ስለዚህ ኦሪጅናል ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ትዳር ይዞ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መርፌ በተሰበረ ቁጥር እሱ ኦሪጅናሉን ፍለጋ ከተማውን ሲያካልል ይውላል። እሷ ደግሞ ከጎረቤት ሱቅ የተገኘውን መርፌ ሰክታ፣ ቀሚሱን ሰፍታ፣ ለባለቤቱ አስረክባ፣ እራት ሠርታ ትጠብቀዋለች። “አገኘህ?” ትለዋለች። “ነገ ይመጣል አሉኝ” ይላታል። “ጎሽ” ብላ ታልፈዋለች። ትዳር ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሚስቱ ስታገባው ብቻዋን አልመጣችም። የሦስት ዓመት ልጅ እጇን ይዛ ነበር። የልጅቷ አባት እሷ መራመድ ሳትጀምር ሞቷልና የምታውቀው በፎቶ ብቻ ነው። ኦሪጅናሌን “ጋሼ” አለችው፤ በዚያው ጸና። ጋሼ ትበለው እንጂ አንቱ ብላው አታውቅም። “ጋሼ፣ ሳሙናውን የት አደረግከው?”፣ “ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ስታበዛው!” እያለች ነው ያደገችው። በዚያ ቤት አንቱታ የባዳ ነው፤ ለቤት አከራይና ለሐኪም ብቻ ነበር የሚወጣው።

አሁን ልጅቷ ትልቅ ሰው ሆናለች። ቅየሳ ተምራ ተመርቃ፣ ተራራ ላይ ለሚሠራ አዲስ መንገድ ቀያሽ ሆና ተቀጥራለች። የቀጠራት መሥሪያ ቤት መኪና ያለው ሰው ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ ተራራው እግር ይጨርሳላ።

ኦሪጅናሌ ደግሞ መኪና አለው። ዕድሜውን የጨረሰው የውሃ ቁፋሮ መሥሪያ ቤት በሾፌርነት ሲሆን፣ ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የጣላትን አሮጌ የመስክ መኪና በጨረታ ገዛት። ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ናት። ገደል ትወጣለች፣ ጭቃ አትፈራም፣ ነዳጅ አትጠግብም። እሷን ሲያጥብ ያየ ሰው ሕፃን የሚያጥብ ይመስለዋል። ልጅቷ ሥራ ማግኘቷን የነገረችው ቀን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ “መኪናዋን ይዘሽ ሂጂ” አላት። ከዚያ ግቢ ወጥቶ የመኪናዋን ኮፈን ሲዳብስ አመሸ። መጸጸቱን አልተናገረም፤ ቢናገርስ ማን ይሰማዋል?

ቅዳሜ ዕለት የዳገት አነዳድ ላሳይሽ ብሎ ከከተማው ዳር ወዳለው የድንጋይ ካባ ይዟት ወጣ። ልጅቷ ትነዳለች፤ ያስተማራትም እሱ ነው። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ድንጋዩን እየመረጠች ወጥታ ወረደች። ሌላ ሰው ቢሆን “ጎበዝ” ብሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

“ቆይ፣ እንዲህ አይደለም” አላት። “ልጅ ነሽ ገና። ውረጂና ተመልከቺኝ።”

“የፊቱን ዲፈረንሻል አታስገባም?”

“ይህችን ጉብታ? እኔ?”

መሪውን ያዘ፤ ነዳጁን ረገጠ፤ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀቀው። መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች። ወዲያው ከኋላ በኩል “ቋ!” የሚል ድምፅ መጣ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ባለችበት ናት።

ልጅቷ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አገጯን ይዛ ታየዋለች። “አየሁህ ጋሼ” አለችው። “አሁን ገባኝ። ለካ እንደዚህ ነው።”

“አክስል ነው” አለ ፊቱን አኮሳትሮ። “የኋላ ግራ። እኔ ድሮም አላመንኳትም ነበር። ኦሪጅናል አይደለችማ!”

የፊቱን ዲፈረንሻል አስገብተው፣ መኪናዋ በፊት እግሮቿ እየተጎተተች ጋራዥ ደረሰች።

እዚህ ላይ ስለ ጋራዡ መንገድ አንድ ነገር መናገር የግድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ መለዋወጫ የሚጠራው በዝምድና ነው። ልማዱን ያመጣው የኦሪጅናሌ የልጅነት ጓደኛ የሆነው መካኒኩ ነው ይላሉ። መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ራሱ ያወጣው ዕቃ “የአብራክ ልጅ” ይባላል፤ ፋብሪካው ከአብራኩ የከፈለው ነዋ! ሌላ ፋብሪካ አመሳስሎ የሠራው ደግሞ “የእንጀራ ልጅ” ነው። “የፍሬን ሸራ አለህ?” ይላል አንዱ። “አለ፤ የአብራክ ናት የእንጀራ?” ይላል ሌላው። አዲስ ሰው ሲሰማ ይደነግጣል። የለመደው ግን ቃሉን መስማቱንም ትቶታል።

መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ጎማውን ፈታ፣ ጎማ የምታዞረውን አክስል መዘዘ፣ ለሁለት የተከፈለ ብረት ይዞ ብቅ አለ።

“አላልኩህም?” አለ ኦሪጅናሌ። “የእንጀራ ልጅ ናት እኮ! ያኔ የአብራኩ ጠፋ ብለህ ያስገባህብኝ።”

“የእንጀራ ልጇ ምን አጠፋች?” አለ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። “ይኸው ክረምት ከበጋ ተሸክማህ ኖረች። ያጠፋው እግርህ ነው።”

“እግሬ ኦሪጅናል ነው!”

“እግርህስ ኦሪጅናል ነው። ጭንቅላትህ ነው ያጠራጠረኝ።”

በማግስቱ ጠዋት ኦሪጅናሌ ወደ መካኒኩ ሊደውል ስልክ ይዞ ጓሮ ወጣ። ጓሮ የወጣው ሚስቱ እንዳትሰማው ነው። ሚስቱ “የተገኘውን አስገባና ልጅቷ ትሂድበት” የምትል ሰው ናት፤ እሱ ደግሞ ኦሪጅናሉን ሳያገኝ ላይተኛ ምሏል። ችግሩ ኦሪጅናሌ ስልክ ሲያወራ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ሁሉ ደንቆሮ ይመስለዋል። በሹክሹክታ ጀምሮ በጩኸት ነው የሚጨርሰው። ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ልጅቷ እርጥብ ልብስ ይዛ መቆሟን ቢያይ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። አላየም።

“ስማኝ! ሚስቴ እንዳትሰማ ጓሮ ወጥቼ ነው!” አለ። ጎረቤት ሁሉ ሰማው። “እኔ ከእንግዲህ የእንጀራ ልጅ አልፈልግም! በቃኝ! ይኸው ስንት ጊዜ ችዬ ኖርኩ! ... ምን? ... መልኳን አይተህ እንዳትሸወድ! ከላይ ስታያት የአብራክ ልጅ ትመስላለች፤ ጫን ስትላት ግን ስብር ነው! ... ለሚስቴማ ምኑን እነግራታለሁ? እሷ እንደሆነች ሁልጊዜ ለእንጀራ ልጅ እንዳደላች ነው! ... አዎ፣ አውጥተህ ወዲያ ጣላት! ለቁራሌው ስጣት! ... እንዴት አይገኝም? በዚህ ዕድሜዬስ ቢሆን ምን አለበት? አንዲት ሴትዮ አለች አሉ፤ እሷ ጋ የአብራክ ልጅ አገኛለሁ!”

ስልኩን ዘጋ። ልቡ ቅልል ብሎት፣ እያፏጨ ወደ ቤት ገባ።

ምሳ ላይ ሦስቱም ገበታ ቀረቡ። ልጅቷ ዓይኗን ሳታነሳ “ጋሼ፣ ጨው ያቀብሉኝ” አለች።

ኦሪጅናሌ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም።

“እኔን ነው?”

“አዎ፣ እርስዎን ነው።”

ጨውን አቀበላት። ሥራ ስላገኘች የቢሮ ወግ እየተለማመደች ነው ብሎ አሰበ። እንዲያውም ትንሽ ሳቅ አለ። ማታ ግን መታጠቢያ ቤቱን አንኳኩታ “ጋሼ፣ ጨርሰዋል?” ስትለው ሳቁ ጠፋ። ሰው መታጠቢያ ቤት ቁጭ ባለበት “ጨርሰዋል?” ተብሎ እንዴት ደስ ይለዋል? በነጋታው “ደህና አደሩ?” አለችው። ደህና አላደረም፤ ግን “እግዜር ይመስገን” ብሎ መለሰ። ቤቱ ውስጥ ስታልፍ መንገድ ትለቅለታለች። ሲገባ ከወንበሯ ትነሳለች። ክብሩ በዛበት። ለማንኛውም አባወራ ደስታ የሚሆን ነገር ለሱ ጀርባው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንደሚያንጠባጥቡበት ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ከፊቱ ቆመች። እጆቿን አጣምራ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብላ።

“ጋሼ፣ የእርስዎን መኪና አልወስድም። ሰኞ በመሥሪያ ቤቱ የጭነት መኪና እሄዳለሁ። እዚያው ቤት እከራያለሁ፤ ቶሎም የምመለስ አይመስለኝም። ስላሳደጉኝ በጣም አመሰግናለሁ።”

ብላ ክፍሏ ገባች። ኦሪጅናሌ ባለበት ቀረ። ከሰማው ሁሉ “ስላሳደጉኝ” የምትለው ቃል ደረቱ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ የሚባለው ለማን ነው? ለተቋም ነው እኮ!

“ምን አደረግኳት?” አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

ሚስቱ እስከዚያ ድረስ መቀሷን ይዛ ነጭ ጨርቅ ስትቆርጥ ነበር። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። “መጀመሪያ አንተ ንገረኝ” አለችው። “ሴትዮዋ ማን ናት?”

“የቷ ሴትዮ?”

“የአብራክ ልጅ የምትሰጥህ ነቻ! በዚህ ዕድሜህ! ሁሉንም ሰምታ ነግራኛለች። ‘የእንጀራ ልጅ በቃኝ፣ ለቁራሌው ስጣት’ አላልክም? እኔ ያደላሁት ለማን ነው? ለልጄ ካላደላሁ ለስፌት መኪናዬ ላዳላ?”

ኦሪጅናሌ ነገሩ ገባውና ሳቀ።

መሳቅ አልነበረበትም። ሚስቱ የጨርቅ መለኪያ ሜትሯን አነሳችና ጀርባው ላይ አወረደችው። ባይጎዳውም መልእክቱ ደርሶታል። “አክስል ነው! አክስል!” እያለ ከቤት ወጥቶ ሮጠ። ጋራዥ ሄዶ ከብረት ክምር ውስጥ የተሰበረችውን አክስል ፈልቅቆ፣ ታቅፎ፣ ግራሶ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ እየተለቀለቀ ተመለሰ። በሩን በእግሩ ከፍቶ ገባና ሁለቱን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው።

“ይኸውላችሁ! ይቺ ናት የእንጀራ ልጅ!”

ሚስቱ ጮኸች። የጮኸችው ግን ስለ ልጇ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ነጭ ጨርቅ የሰው የሙሽራ ቀሚስ ነበር።

በጩኸቱ ልጅቷ ከክፍሏ ወጣች። እናቷ ቀሚሱን ከግራሶ ስታድን፣ ጋሼዋ ሁለት ቁራጭ ብረት አጣብቆ እያሳየ ስለ አብራክና ስለ እንጀራ፣ ስለ ፋብሪካና ስለ መካኒኩ፣ ስለ መለዋወጫ ሻጯ ሴትዮ ሲቀባጥር ሰማች። ሳታቋርጠው እስኪጨርስ ጠበቀች። ጣቷን በተሰበረው አንጓ ላይ አሳለፈች።

“ገብቶኛል” አለች። “ስለዚህች ነው ያወሩት።”

“ይኸውልሽ!”

“ሴትዮዋም መለዋወጫ ሻጭ ናት።”

“እንዴታ! አይቻት እንኳ አላውቅም!”

“እንግዲያው እኔን አልሰደቡኝም።”

“በጭራሽ! በጭራሽ!” አለ እፎይ ብሎ፤ ወንበር ሳበ።

“ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አለችው፤ ሊቀመጥ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። “ከላይ ደህና የሚመስል፣ ሲጫኑት የሚሰበር፣ ተወርውሮ ለቁራሌው የሚሰጥ ነገር ነው። ስም ሲፈለግለት ከስም ሁሉ የተገኘው የኔ ስም ነው?”

ኦሪጅናሌ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰው። ያን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር አንድም ቀን እሷን አስቦ አያውቅም። ለሷ ግን ቃሉ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚከተላት ነው። ልጆች በተጣሉ ቁጥር ፊቷ ላይ ይወረውሩት እንደነበር ትዝ አለው፤ አንድ ቀን ደግሞ እሱ ራሱ ከአንዱ ልጅ አባት ጋር በዚህ ምክንያት አንገት ለአንገት ተናንቋል። በዚያው አፉ ነው ጓሮ ወጥቶ የጮኸው። አፈረ። በጣም አፈረ።

በማግስቱ ጋራዥ ሄዶ የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ። “ስሙን እንቀይረው” አለ።

መካኒኩ ከኮፈን ሥር አንገቱን አወጣ። “የምኑን?”

“የዕቃውን! የእንጀራ ልጅ የምንለውን! ሌላ ስም አውጣ፤ ያመጣኸው አንተ ነህ።”

መካኒኩ አሰበ። “ምራት እንበላት?”

“ሰውየው ምራቱን አውጥቶ ይጣል?”

“የክርስትና ልጅ?”

“አንተ ሰው ጤና የለህም?”

“እንግዲያው ጎረቤት እንበላት። ጎረቤት ቢሰበር ማንም አይከፋውም” አለ መካኒኩ፤ ወዲያው ግን ቀልዱን ተወው። ጓደኛው ዓይኑ ቀልቷል። “ስማ፣ ቃሉ ጎዳናው ሁሉ የሚለው ነው፤ አንተና እኔ አንሰበስበውም። ልጅቷን ያዝ። ሴትዮዋ ጋ ይዘሃት ሂድና አክስሏን ራሷ ትምረጥ። መኪናዋ የሷ አይደለች?”

“አልወስድም ብላለች እኮ።”

“እናቷን ንገራት።”

እናቷ ነገሩን በአጭሩ ቋጨችው። “መኪናውን አትውሰጂ፤ አክስሏን ግን መርጠሽለት ነይ” አለቻት ልጇን። “አለበለዚያ ይሄ ሰውዬ ኦሪጅናል ሲፈልግ ያችን ብረት እያቀፈ ቤቴን ግራሶ በግራሶ ያደርገዋል። የሙሽራዋን ቀሚስ ያዳንኩት በመከራ ነው።”

ልጅቷ እናቷን እምቢ አትልም። ሄዱ። አውቶቡስ ላይ ከጎኑ ሰው እንኳ ቢነሳ አልተጠጋችም። ሲወርዱም “እርስዎ ይቅደሙ” አለችው። ለሰኞ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። እንዲህ “እርስዎ ይቅደሙ” እንደተባባሉ ተራራ ከወጣች፣ ተመልሳ እንግዳ ሆና ነው የምትመጣው። ኦሪጅናሌ ይህን ያውቃል። መንገዱን ሁሉ የሚናገረው ነገር ሲያዘጋጅ መጣ፤ የሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋው።

ሱቁ ጠባብ ነው። ጣራው ላይ ቤልት ተንጠልጥሏል፤ ግድግዳው ላይ ኩሽኔታ በየመጠኑ ተደርድሯል፤ የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። ሁለት ሾፌሮች መብራት ይመርጣሉ። ባንኮኒው ጀርባ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ግዙፍ ሴትዮ ቆማለች። ልጅቷ በሩ ላይ ቀረች፤ ኦሪጅናሌ ብቻውን ቀረበ።

“ምን ልታዘዝ አባቴ?”

“አክስል። የኋላ ግራ” አለና የመኪናዋን ዓይነት ነገራት።

“አሃ፣ የጥንቷን! ዛሬም ይነዷታል? ለራስዎ ነው?”

“አይ፣ ለልጄ ነው።”

ሴትዮዋ ወደ መደርደሪያው ዞራ መሰላሏን ሳብ አደረገች። “የአብራክ ናት የእንጀራ?” አለችው ጀርባዋን እንደሰጠችው።

ይህን ጥያቄ በዚያ መንገድ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ተጠይቋል። ሌላ ቀን ቢሆን ሳያስብ “የአብራክ!” ይል ነበር። ያን ቀን ግን ጥያቄው የመጣው “ልጄ” ብሎ አፉን ሳይዘጋ ነው። የሰነበተበት ሁሉ ተነሳበት፤ ደሙ ፈላ።

“ምን አልሽ?”

“የአብራክ ናት የእንጀራ?”

“አንቺን ምን አገባሽ!” ብሎ ባንኮኒውን በጡጫ ሲመታው የኩሽኔታ ካርቶኖች ዘለሉ። ሾፌሮቹ መብራቱን ይዘው ዞሩ። “ልጄ ናት አልኩሽ እኮ! ልጄ! የምን የአብራክ፣ የምን የእንጀራ ነው! ኩፍኝ ሲይዛት ያቀፍኳት እኔ ነኝ! ትምህርት ቤት በር ላይ ሱሪ ይዛ ያለቀሰችው የኔን ሱሪ ነው፤ ቀበቶዬን በጥሳብኝ በእጄ ይዤው ነው ሥራ የገባሁት! በሒሳብ ስትወድቅ አስተማሪ ፊት ቆሜ የተቆጣሁት እኔ! መንዳት ሳስተምራት ያፈረሰችው አጥር የኔ አጥር! አክስሏንም ቢሆን የሰበርኳት እኔ ነኝ፤ እሷማ ዳገቱን እንደ ንግሥት ነው የወጣችው! አሁንም አኩርፋኛለች። ታውቂያለሽ? እኔን ነው ያኮረፈችው! ሰው ባዳን ያኮርፋል እንዴ? ንገሪኛ! ባዳን ማን አኩርፎ ያውቃል?”

ትንፋሽ አጠረው።

ሴትዮዋ መሰላሉን እንደያዘች ቀስ ብላ ዞረች። መነጽሯን አደረገች። “አባቴ” አለችው በለዘበ ድምፅ፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ የጠየቅኩዎት ስለ አክስሏ ነው።”

ከሾፌሮቹ አንዱ ሳቁን በሳል አፈነው። ኦሪጅናሌ ጆሮው ድረስ ጋለ። ወደ ኋላው ለመዞር ፈራ፤ ዞረ። ልጅቷ በሩን ደገፍ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መሰለው። እጇን ስታነሳ ግን እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም ይወርዳል። ሳቋ አላስቆም ብሏት ሆዷን ይዛ ገባች።

“ሁለቱንም አምጪልን እስቲ” አለቻት ሴትዮዋን፣ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ሴትዮዋ ሁለቱን ባንኮኒው ላይ አጋደመቻቸው። አንደኛዋ ፋብሪካው ማህተሙን ባተመበት ካርቶን ውስጥ ናት። ኦሪጅናሌ ማህተሙን ሲያይ እጁ ሳያዘው ወደ ካርቶኑ ሄደ።

“ይቺ የአብራኳ ናት” አለች ሴትዮዋ። “ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ቆየ። መደርደሪያ ላይ ነው ያረጀችው፤ ጥርሷም ዝገት ጀማምሮታል። ይቺኛዋ የእንጀራዋ ናት። አዲስ ናት፤ ወፈር ትላለች። ተራራ የሚሠሩት ሁሉ እሷን ነው የሚወስዱት።”

ልጅቷ ሁለቱንም በየተራ አንስታ መዘነች። ጥርሶቻቸውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ቀጥ ማለታቸውን አየች። ቀያሽ ናትና መቸኮል አታውቅም። “ይቺ ወፍራሟ ብትሰበርስ?” አለች።

“ብረት አይደለች? ትሰበር ይሆናል” አለች ሴትዮዋ። “ግን ተራራው ላይም ብትሆኚ እሷን አታጫትም። አንቺ ብቻ ‘ነይ’ በያት፣ ትመጣለች።”

ልጅቷ ካርቶኑን በቀስታ ወደ ሴትዮዋ ገፋችው።

“የእንጀራዋን ስጪን።”

“ኦሪጅናሏ እኮ!” አለ ኦሪጅናሌ፣ ካርቶኑ ሲርቅ ዓይኑ እየተከተለው። “እዚህ ቁጭ ብላ! ከነማህተሟ! ዝገቱ እንደሆነ በብርጭቆ ወረቀት...”

“ጋሼ!” አለችው። “አንተ ደግሞ ዝም በል!”

ዓይኑን ከካርቶኑ ነቀለ። ከዚያ ሳይጠየቅ የአክስሏን አንድ ጫፍ አነሳ፤ ከብዳው አዘነበለች። ልጅቷ ሌላውን ጫፍ ያዘችለት።

“ቀስ በል” አለችው፣ “እግርህ ላይ እንዳትጥላት።”